ጓሮ ለሌለው ቤት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአማርኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የእንግሊዝ ኑሮ ሲጻፍ ነገሩ ከለንደን ብዙም አይወጣም። የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ላይ ተደርድረው የተኙ ሰዎች፣ ቸርችልና ሲጋራቸው፣ ቢበዛ ንጉሠ ነገሥቱ በስደት የቆዩባት ባዝ። የቤተሰብ ኑሮ የተነሣ እንደሆነ ደግሞ አትክልት በተተከለበት ጓሮ ውስጥ የተቀበረ የቆርቆሮ የቦምብ መጠለያ ፎቶግራፍ ይወጣል። ፎቶግራፉ ውሸት አይደለም። ነገር ግን በሊድስ፣ በማንችስተር፣ በሳልፎርድ፣ በሊቨርፑልና በሀል የነበረው አብዛኛው ሠራተኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ጓሮ አልነበረውም። የሰሜን እንግሊዝን የጦርነት ኑሮ ለመረዳት መነሻው ይኸው ይመስለኛል። የጦርነቱ ደንቦች ሲወጡ በባለሥልጣኑ ዓይን የነበረው ጓሮ ያለው፣ የቧንቧ መታጠቢያ ያለው፣ እመቤቲቱም ቀኑን ሙሉ እቤት የምትውልበት ቤት ነው፤ ሰሜኑ ሦስቱም ይጎድሉት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ቤቱን አስቀድመን እንየው። በረድፍ የተሠራ የጡብ ቤት ነው፤ ግራና ቀኙ የጎረቤት ግድግዳ፣ የፊት በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚከፈት። ከኋላ ያለችው ግቢ ድንጋይ የተነጠፈባት ናት፤ በጥቂት እርምጃ ታልቃለች፣ ከእሷም ላይ ሽንት ቤቱና የከሰል ማስቀመጫው ተቀንሰው ነው። በሊድስ ይብስ ነበር። ጀርባ ለጀርባ የተሠሩት ቤቶች በሦስት ጎን ታፍነው የኋላ በር እንኳ የላቸውም፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ልብስ ማስጫውም ከመንገዱ ማዶ ለማዶ የተወጠረ ገመድ ነው። በሊድስ ሃርሂልስ ሰፈር ያለፈ አንባቢ እነዚህን ቤቶች አይቷቸዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል።

እንግዲህ ለዚህ ቤት የቀረበለት መጠለያ የአየር ጥቃት መከላከልን ይመሩ በነበሩት በሰር ጆን አንደርሰን ስም የሚጠራው አንደርሰን ነበር። 14 የቆርቆሮ ቁራጮች አሉት፤ ጎባጣዎቹ አናት ላይ በብሎንና በዳዶ ይታሰራሉ። ሲገጣጠም ቁመቱ 1.8 ሜትር፣ ወርዱ 1.4 ሜትር፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ይሆናል፤ ስድስት ሰው ይይዛል። ጉልበቱ ግን ያለው ከቆርቆሮው ይልቅ ከአፈሩ ነው። 1.2 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበራል፣ በላዩም ቢያንስ 38 ሳንቲ ሜትር አፈር ይከመርበታል። አፈሩን ስስ አድርጎ የተወ ሰው ከፍንጣሪ የሚያድነው ነገር የለውም። መሬቱ ሸክላማ ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በአንዱ ማዕዘን ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃውን ወደዚያ ማሰባሰብና በባልዲ መቅዳት የየምሽቱ ሥራ ነበር። ገቢው በዓመት ከ250 ፓውንድ በታች የሆነ ቤተሰብ በነፃ ያገኘዋል፤ ሌላው 7 ፓውንድ ይከፍላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። በነፃ የሚገባው ሠራተኛ የሚቆፍርበት መሬት የለውም፤ መሬት ያለው ብዙውን ጊዜ ከፋዩ ነው።

ለረድፍ ቤቶች በአንደርሰን ፈንታ በየመንገዱና በየግቢው የጡብ መጠለያ ተሠራ። ግድግዳው ወፍራም ጡብ፣ ጣሪያው የኮንክሪት ሶሌታ፤ መስኮት የለው፣ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የለው። በ1940 ሲሚንቶ ሲያጥር የወረደው መመሪያ ግልጽ ስላልነበረ በብዙ ቦታ ሲሚንቶ የሌለበት የኖራ ቡኬት ብቻ ተጠቅመው ገነቡት። ግንበኛ የሆነ አንባቢ ውጤቱን ሳይነገረው ያውቀዋል። ፍንዳታው ግድግዳውን ወደ ጎን ሲገፋው ጡቡ ይላቀቃል፣ ያ ከባድ ሶሌታም በሙሉ ክብደቱ ቁልቁል ይወርዳል። ብዙዎቹ ኋላ ፈርሰው ወይም በብረት ተጠናክረው እንደገና ተሠሩ፤ የሰው እምነት ግን አንዴ ከሄደ በኋላ አልተመለሰም። ሰው ወደ ደረጃ ሥር ገባ። ይህ ሞኝነት አልነበረም፤ ቤት ሲደረመስ ደረጃው ከወለሉና ከጣሪያው ይልቅ ቆሞ የመቅረት ዕድል እንዳለው የፈራረሱትን ቤቶች አይቶ መረዳት ይቻል ነበር።

ከቤቱ ሥር የከሰል ጓዳ ያላቸው ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበራቸው። በጎረቤታሞች ጓዳ መካከል ያለው ግድግዳ ሰው የሚያሾልክ ያህል ይፈረስና ጡቡ ያለ ቡኬት መልሶ ይደረደራል። አንዱ ቤት ቢደረመስና መውጫው ቢደፈን፣ ጡቡን በእግር መትቶ ወደ ጎረቤት መሻገር፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። ረድፍ ቤት መሆን የጠቀመበት አንድ ቦታ ቢኖር ይህ ነው። አደጋው የጋዝና የውሃ ቧንቧ በዚያው ጓዳ ማለፉ ነበር፤ ስለዚህ ሳይረን ሲጮህ መጀመሪያ የሚሠራው የጋዙን ዋና ቁልፍ መዝጋት ነው። ከዚያ የራሽን ደብተሮቹ፣ መታወቂያዎቹና የኢንሹራንስ ወረቀቱ ያሉበት ቦርሳ ይነሣል። ቦርሳው ሁልጊዜ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሎ መገኘት ነበረበት፤ በጨለማ የሚፈለግ ነገር አይገኝምና።

ስቶክፖርት ግን ተፈጥሮ ረድታታለች። ከተማዋ ያረፈችበትን ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ፈልፍለው ዋሻ ሠሩ፤ በኦክቶበር 1939 ተከፈተ፣ ኋላም ተስፋፍቶ 6,500 ሰው እንዲይዝ ሆነ። ከማንችስተር ድረስ እየመጡ የሚያድሩበት ነበሩ። በኒውካስል ደግሞ በ1842 የከሰል ፉርጎ እንዲያልፍበት የተሠራው የቪክቶሪያ ዋሻ ለዚሁ ዋለ።

ለጠባብ ቤት በእርግጥ የታሰበው መጠለያ የመጣው በማርች 1941 ነው፤ በአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ በኸርበርት ሞሪሰን ስም ሞሪሰን ተባለ። ከላዩ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር የብረት ጠረጴዛ፣ ጎኑ የሽቦ መረብ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር። 359 ዕቃ ሆኖ በሳጥን ይመጣል፤ ባለቤቱ ራሱ በሦስት መሣሪያ ይገጥመዋል። ቀን ይበሉበታል፣ ያጠኑበታል፣ ዱቄት ይቦካበታል፤ ማታ ቤተሰቡ ፍራሽ አንጥፎ ከሥሩ ይገባል። የመሐንዲሱ የጆን ቤከር ብልሃት ብረቱ ሲጫነው ከመሰበር ይልቅ እንዲጎብጥ ማድረጉ ነው፤ የፎቁ ክብደት ሲያርፍበት ጥቂት ይሰረጉዳል እንጂ አይዘጋም። ጉዳቱ ወጥ ቤት፣ ምግብ ቤትና ሳሎን አንድ በሆነበት ክፍል ውስጥ መንቀሳቀሻ ማሳጣቱ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ጊዜው ነው። ሼፊልድ በዲሴምበር 12 እና 15፣ ማንችስተር በዚያው ወር ለገና ዋዜማ ባሉት ሌሊቶች በ1940 ከተደበደቡ በኋላ ነው የመጣው። በሊቨርፑል ዱርኒንግ ሮድ 166 ሰው በአንድ መጠለያ ውስጥ ካለቀም ወራት አልፈው ነበር።

ስለ ሀል አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከ92,000 ገደማ ቤቶቿ ጉዳት ያልነካቸው ከ6,000 ያነሱ ነበሩ፤ የዘመኑ ዜና ግን ለጠላት መረጃ እንዳይሆን ብሎ ስሟን ሳይጠራ «በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ የምትገኝ አንዲት ከተማ» እያለ አለፋት። ሰዉ ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ ገጠር እየወጣ ሜዳ ላይ ያድር፣ ጠዋት ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። እኛም ዛሬ ስለ ለንደን ብቻ ስንጽፍ ያንኑ እየደገምን ነው።

መስኮት ማጨለሙ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀምሮ እስከ 1944 መጸው የዘለቀ የየምሽት ግዴታ ነበር። ጥቁሩ ጨርቅ በእንጨት ጠርዝ ላይ ተወጥሮ ይቸነከራል። በመጋረጃ መልክ ከተንጠለጠለ ብርሃኑ በጎንና በጎኑ ያመልጣል፤ በፍሬም ተወጥሮ መስኮቱ ላይ የሚገጠመው የተሻለ ነው። መፈተኛው አንድ ሰው ወደ ውጭ ወጥቶ እንዲያይ ማድረግ ብቻ ነው። በሩ መንገድ ላይ የሚከፈት ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ መተላለፊያ ስለሌለው በር በተከፈተ ቁጥር ብርሃኑ በቀጥታ አስፋልቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ወይ መብራቱን አጥፍቶ መክፈት፣ ወይ ከበሩ ኋላ ብርድ ልብስ መስቀል። ጨርቁ አይታጠብም፤ ከታጠበ ይሳሳና ብርሃን ያሳልፋል፣ በብሩሽ ብቻ ይጠረጋል። ምድጃው እየነደደ፣ ማንቆርቆሪያው እየፈላ፣ መስኮቱ ተደፍኖ ስለሚታደር ክፍሉ ይረጥባል፣ ጨርቁም ይሻግታል። ከ1940 መጸው ጀምሮ ሰዓቱ በክረምትም አንድ ሰዓት ወደፊት እንደተገፋ ስለቆየ በዲሴምበር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልፎ ነበር። ልጅ በጨለማ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ እናት በጨለማ ፋብሪካ ገብታ በጨለማ ትወጣለች።

ወደ ማእድ ቤቱ እንግባ። ራሽን የተጀመረው በጃንዋሪ 8 ቀን 1940 በቅቤ፣ በስኳርና በጨው በታሸ የአሳማ ሥጋ ነው። በጦርነቱ አጋማሽ ላይ አንድ አዋቂ በሳምንት የሚደርሰው ይህን ይመስል ነበር፦ ቅቤ 57 ግራም፣ ማርጋሪን 113፣ የማብሰያ ስብ 57፣ ስኳር 227፣ ሻይ ቅጠል 57፣ የአሳማ ሥጋ 113 ግራም፣ እንቁላል ሲገኝ አንድ። አይብ ከወር ወር ይለዋወጣል፤ ከመሬት በታች የሚሠራ ከሰል ቆፋሪ፣ ጉድጓድ ውስጥ ትኩስ ምግብ ስለማያገኝ፣ ከሌላው የበለጠ አይብ ይሰጠዋል። ሌላው ሥጋ በክብደት አይለካም፣ በዋጋ ነው፤ ለብዙ ጊዜ በሳምንት 1 ሺሊንግ ከ2 ፔንስ ነበር። ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ርካሽ ብልት የሚገዛ በዚያው ገንዘብ ብዙ ግራም ይወስዳል፤ ድሮም ቢሆን አንገትና ቅልጥም ለይቶ መቀቀል የለመደችው የላንክሻየር እመቤት ከባለ ጥብሷ ትሻል ነበር። ራሽኑ ለብቸኛ ሰው ክፉ፣ ለብዙ ቤተሰብ ቀለል ያለ ነው፤ የስድስት ሰው ሻይ ቅጠል በአንድ ማንቆርቆሪያ ሲገባ ይበረክታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሰልፉ ላይ ነው። ሰው ይሰለፍ የነበረው ለራሽኑ ይመስላቸዋል። እያንዳንዱ ቤተሰብ በአንድ ሱቅና በአንድ ሉካንዳ ተመዝግቦ ነበር፤ ባለሱቁም የሚደርሰው በተመዘገበለት ሰው ልክ ስለነበር ድርሻው አያመልጥም። ሰልፉ ራሽን ላልሆነው ነው፦ ለዓሣ፣ ለጉበት፣ ለኩላሊት፣ ለጨጓራ፣ ለቋሊማ፣ ለሽንኩርት። ሽንኩርት በ1940 ፈረንሳይና የቻነል ደሴቶች ከተያዙ በኋላ እንደ ወርቅ ሆኖ ነበር። ጨጓራ ግን የሰሜኑ ጸጋ ነው። ላንክሻየር ውስጥ ለብቻው የጨጓራ መሸጫ ሱቅ ነበር፤ ታጥቦና ተቀቅሎ ይሸጣል፣ እቤት ከወተትና ከሽንኩርት ጋር ይበስላል። የደቡብ ሰው አፍንጫውን ይዞ ያልፈዋል። ዱለት የሚያውቅ አንባቢ ከማን ጋር እንደሚወግን እገምታለሁ።

ታዲያ ሰልፍ ጊዜ ይፈልጋል፤ የሰሜን ሴት ደግሞ ጊዜ አልነበራትም። የጥጥ ፋብሪካ ሴቶች ከጦርነቱ በፊትም ቢሆን ከጋብቻ በኋላ ይሠሩ ነበር። በዲሴምበር 1941 ከ20 እስከ 30 ዓመት ያሉ ያላገቡ ሴቶችን ለብሔራዊ አገልግሎት የሚጠራ ሕግ ወጣ። በላንክሻየር ቾርሊ አጠገብና በደርሃም አይክሊፍ ያሉት የጥይት መሙያ ፋብሪካዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በሦስት ፈረቃ ያሠሩ ነበር። ባሩዱ የእጅና የፊት ቆዳቸውን ቢጫ ያደርገዋል። ፈረቃዋ ከጠዋት እስከ ቀን የሆነች ሴት ዓሣው ካለቀ በኋላ ነው የምትደርሰው፤ ስለዚህ ወይ አያት ትሰለፋለች፣ ወይ ሴትዮዋ ከሥራ ትቀራለች። ከሥራ መቅረት በአለቆቹ ዓይን ስንፍና ይባል ነበር። በእኔ አስተያየት የሱቅ መዝጊያ ሰዓት ጥፋት ነው።

የምግብ ሚኒስትሩ ሎርድ ዉልተን የሳልፎርድ ተወላጅ ናቸው፤ ቀድሞም ዋና ቤቱ ሊቨርፑል የነበረ የትልቅ ሱቅ ኃላፊ ነበሩ። በስማቸው የሚጠራው ፓይ ይቀለድበታል እንጂ በትክክል ከተሠራ ይበላል። ድንች፣ ካሮት፣ አበባ ጎመንና ስዊድ የሚባለው ቢጫ ሥራሥር እያንዳንዳቸው 450 ግራም፣ ሦስት አራት ለጋ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአጃ ክክ። ተከትፎ ውሃ እስኪሸፍነው ብቻ ተደርጎ 10 ደቂቃ እያማሰሉ ይቀቅሉታል፤ ይቀዘቅዛል፤ መጋገሪያ ሳህን ላይ ተገልብጦ በተፈጨ ድንች ወይም በቡናማ ዱቄት ሊጥ ይሸፈንና እስኪቀላ ይጋገራል። የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። ውሃው ሲበዛ ሾርባ ይሆንና ክዳኑን ያርሰዋል፤ ሳይቀዘቅዝ ከተሸፈነ ደግሞ ሊጡ ከሥሩ ሳይበስል ይቀራል።

ከ1942 ጀምሮ የመጣው የአሜሪካ የእንቁላል ዱቄት ግን ዝርዝር ይገባዋል፤ ስሙን ያጠፉት አሠራሩን ያላወቁ ናቸው። አንዱ ፓኮ 12 እንቁላል ያህላል። ለአንድ እንቁላል አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት፣ አፉ በቢላ ተስተካክሎ፣ ከሁለት ማንኪያ ውሃ ጋር። ማንኪያውን ቆልሎ የሰፈረ ሰው ጫማ የመሰለ ጥብስ ያገኛል። ውሃውን በአንድ ጊዜ ካፈሰሱት ይጓጉላል፤ በትንሽ ውሃ መጀመሪያ አሽቶ እንደ ሊጥ ካደረጉ በኋላ ቀሪውን መጨመር ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ወዲያው ይበሰላል፣ አይታደርም። ለዮርክሻየር ፑዲንግ፣ ምድጃ ውስጥ ለሚነሣው የዱቄትና የእንቁላል ጋገራ፣ ከሆነ በውሃ መበጥበጥም አያስፈልግም፤ 110 ግራም ዱቄት፣ አንድ ማንኪያ የእንቁላል ዱቄትና ቁንጥር ጨው በደረቁ ተደባልቆ በ280 ሚሊ ሊትር ወተትና ውሃ ይበጠበጣል፣ ለእንቁላሉ ሁለት ማንኪያ ውሃ ይታከልበታል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ሞራ መጨስ እስኪጀምር መጋል አለበት፤ ሞራው ለብ ያለ ከሆነ ፑዲንጉ አይነሣም፣ ቂጣ ሆኖ ይቀራል። ዮርክሻየሮች ይህን ከሥጋው በፊት ብቻውን በመረቅ ያቀርቡታል። ሆድ ሞልቶ ወደ ሥጋው ሲመጣ ትንሹ ይበቃል። ልማዱ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ነው፤ ጦርነቱ ዋጋውን ጨመረው።

ሞራውም ይታደጋል። ከጥብስ የቀረው ስብ ሁሉ በአንድ ዕቃ ይጠራቀምና የፈላ ውሃ ይጨመርበታል፤ ይማሰላል፣ ይቀዘቅዛል። ንጹሑ ስብ ከላይ ይረጋል፣ ቆሻሻው ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ክቡን አንሥቶ ታችኛውን በቢላ መፋቅ፣ ከዚያም ውሃው እስኪተን ቀስ አድርጎ ማሞቅ። ውሃ የቀረበት ስብ በሦስት ቀን ይከረፋል፣ መጥበሻ ላይም ይፈነጥቃል።

ዳቦ በጦርነቱ ዘመን ራሽን አልነበረም፤ ግን በ1942 ነጭ ዳቦ ተከለከለና ከስንዴው 85 በመቶ የሚያስቀር ግራጫ ዱቄት ብቻ ቀረ። እቤቷ የምትጋግር የሰሜን እመቤት በድሮ ልኳ ስታቦካው ይደርቅባታል፤ ፉርሽካው ውሃ ይጠጣል። ውሃውን መጨመር፣ ሊጡን ትንሽ ላላ አድርጎ መተው ነው መፍትሔው። ድንችም ራሽን አልሆነም። ዓሣና ቺፕስ ቤትም እንዲሁ፤ ስብና ዓሣ ሲያጥረው ሰዓቱን ያሳጥራል እንጂ ደብተር አይጠይቅም። ከፈረቃ የወጣች ሴት ያለ ኩፖን ትኩስ እራት የምታገኝበት ስለነበር፣ የሰሜኑን ቤተሰብ ካቆሙት ነገሮች አንዱ እርሱ ነው ብል አላጋንንም።

ለፈረቃ ሠራተኛ ሌላው መላ የድርቆሽ ሳጥን ነው። በዙሪያው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ድርቆሽ የተጠቀጠቀበት የእንጨት ሳጥን፣ ከላይ በድርቆሽ የተሞላ ትራስ። ወጡ ምድጃ ላይ 20 ደቂቃ በደንብ ይፈላል፣ ክዳኑ ሳይከፈት ወዲያው ሳጥኑ ውስጥ ይገባል፤ በአራት ሰዓት ውስጥ ራሱን አብስሎ ይጠብቃል፣ ከመበላቱ በፊት እንደገና ይፈላል። ድስቱ ጎዶሎ ከሆነ ሙቀቱን አይዝም። ከፍቶ ያየ ሰው ሥራውን አበላሸ። ከሰል ራሷ የምትወጣበት አገር ከሰል መቆጠብ ግራ ያጋባ ይሆናል፤ ቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ ወደ ጦርና ወደ ፋብሪካ ሄደው ስለነበር ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ ለጦር ከተመለመሉት ወጣቶች ከአሥሩ አንዱ በዕጣ ወደ ጉድጓድ ይላክ ነበር።

ሰኞ የልብስ ቀን ነው፣ ጦርነት ቢኖርም ባይኖርም። ነጩ ልብስ እሑድ ማታ ይነከራል። ጠዋት በጡብ የታነጸው የውሃ ማፍያ ጋን በባልዲ ይሞላል፣ ከሥሩ እሳት ይነድዳል። ከዚያ በበርሜል ውስጥ እጀታ ባለው የመዳብ መርገጫ መውቃት፣ ማለቅለቅ፣ በሁለት የእንጨት ዘንግ መካከል አሾልኮ መጭመቅ። በፌብሩዋሪ 1942 ሳሙና ራሽን ሆነ፤ ለአንድ ሰው በአራት ሳምንት አራት ኩፖን፣ አንዱ ኩፖን 113 ግራም የልብስ ሳሙና ያስገዛል። እዚህ ላይ ማንም የማያነሣው ነገር አለ። የማንችስተር ውሃ ከቲርልሚር ሐይቅ የሚመጣ ለስላሳ ውሃ ነው፣ በጥቂት ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ የለንደን ውሃ ኖራ የበዛበት ስለሆነ ግማሹን ሳሙና ይበላዋል። ሰሜኑ በአንድ ነገር ተሻለ ማለት ነው። የሳሙና ፍርፋሪ በጠርሙስ ይጠራቀምና በሙቅ ውሃ እንደ ሙጫ ይሟሟል፤ ሹራብ በእርሱ ይታጠባል። ተሰጥቶ የደረቀው ልብስ ላይ ግን የፋብሪካው ጥላሸት ያርፍበታል፣ ያንን ያስቀረ ደንብ አልነበረም።

በ1942 መንግሥት ገንዳችሁ ላይ 5 ኢንች፣ 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ምልክት አድርጉና ከዚያ በላይ አትሙሉ አለ። ዓርብ ማታ የቆርቆሮ ገንዳ ምድጃ ፊት አስቀምጦ ውሃውን በማንቆርቆሪያ ለሚሞላ፣ አባት ልጆቹም በየተራ በዚያው ውሃ ለሚታጠቡበት ቤት ይህ ማስታወቂያ ምን ይነግረዋል?

ልብስ ከጁን 1 ቀን 1941 ጀምሮ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ሰው 66 ኩፖን ነበረው፤ የወንድ ሙሉ ልብስ ብቻውን 26 ይወስዳል፣ የወንድ ጫማ 7። የሹራብ ክር 57 ግራም አንድ ኩፖን ስለሆነ አሮጌ ሹራብ መፍታት ያዋጣል። መጀመሪያ ስፌቱ ይተረተራል፤ ክሩ በወንበር መደገፊያ ላይ ይጠቀለልና በአራት ቦታ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፤ ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ከታች ክብደት ተንጠልጥሎበት ይደርቃል። ክብደቱ ካልተንጠለጠለ ክሩ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፣ አዲሱም ሹራብ ይጓጉላል። በጠበቀ ከታሰረ ደግሞ የታሰረበት ቦታ አይጸዳም።

ልጆችን ማሸሹን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተጽፎበታል። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 1939 ጀምሮ የማንችስተርና የሳልፎርድ ልጆች ወደ ላንክሻየር ጠረፍና ገጠር፣ የኒውካስል ልጆች ወደ ኖርዘምበርላንድና ከምበርላንድ ተላኩ። አሳዳሪው ለአንድ ልጅ በሳምንት 10 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ፣ ልጆቹ ከአንድ ከበለጡ ለእያንዳንዱ 8 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይከፈለው ነበር። ቦምቡ ሲዘገይ ግማሽ ያህሉ ገና ጃንዋሪ 1940 ሳይጋመስ ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር፤ ቦምቡም ያገኛቸው እዚያው ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ደብተሩ አልታጠፈም። በጦርነቱ ዘመን ያልተነካው ዳቦ ራሱ ከጁላይ 1946 እስከ ጁላይ 1948 ራሽን ሆነ፤ ሥጋ በመጨረሻ የተለቀቀው በጁላይ 4 ቀን 1954 ነው። በሊድስም በማንችስተርም በአጭር የድንጋይ አጥር ላይ በረድፍ የተቆረጡ የብረት ጉቶዎች ያየ አንባቢ የዚያን ዘመን ምልክት አይቷል፤ የአጥሩ ብረት ለጦር ብረት ይሆናል ተብሎ የተቆረጠበት ነው።

የቆርቆሮውን መጠለያ ፎቶግራፍ ዳግመኛ የምታወጡ ከሆነ፣ እባካችሁ ከሥሩ «ጓሮ የነበረው ቤተሰብ» ብላችሁ ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ
ከሊድስ